ከመቶ በላይ የሆነ ደም

ዛሬም ቢሆን «ደም ብዛት» የሚለውን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። የምጠላው ሕመሙን አይደለም፤ ስሙን ነው። ሕመሙ የግፊት ሕመም እንጂ ደም ስለ በዛ የሚመጣ አይደለም። አገሩ ግን ደም ብዛት ብሎ ስም አውጥቶለታል። እኔም ያን ስም ዘንግቼ አንድ ቀን ሦስት ቃል ጻፍኩ፤ በሦስት ቃል እህቴ እንጀራዋን ልታጣ ነበር።

በደርግ ጊዜ አምቦ ውስጥ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበርኩ። የደም መጠን የምንለካው በዓይናችን ነው። ከጣት የተወሰደች ደም አሲድ ያለበት ቀጭን ብልቃጥ ውስጥ ትገባና ትጠቁራለች። ከዚያ ውሃ ጠብ እያደረግን ቀለሟ አጠገቧ ከተሰካው ቡናማ መስታወት ጋር እስኪመሳሰል እናቀጥናታለን። ውሃው የደረሰበት ቁጥር ይጻፋል። መቶ ማለት ሙሉ ጤነኛ ማለት ነው።

ያ መቶ የማን ደም እንደሆነ የነገረን የለም። መሣሪያው ከባሕር ማዶ ነው የመጣው፤ የለኩትም የራሳቸውን ሰው ይሆናል። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ስሱን አየር ለመያዝ ሰውነት ደሙን ያወፍራል። የአምቦ ጤነኞች ከመቶ ከፍ ይሉ ነበር፤ ከጀልዱ ብርድ የሚወርዱት ደግሞ ከዚያም በላይ። የላቦራቶሪያችን ልማድ ግን ከመቶ ያለፈውን ሁሉ መቶ ብሎ መጻፍ ነበር። ጠያቂ እንዳይመጣ ነው። እኔም ለዓመታት ስንቱን የደጋ ሰው ከደሙ ቀንሼ መቶ እያልኩ ጽፌያለሁ፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ታላቅ እህቴ የምትኖረው ጀልዱ ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆች ይዛ ስትንገላታ ቆይታ፣ ባኮ በኩል ባለ አንድ የበቆሎ እርሻ ዘር ለቃሚነት ተቀጠረች። የቀራት የጤና ምርመራ ወረቀት ብቻ ነው። ለምርመራ አምቦ መጥታ ጣቷን ስወጋት፣ «ቀስ በይ፣ የበግ ቆዳ መሰለሽ እንዴ?» አለችኝ። ውሃውን ጠብ አደረግኩ። መቶ ደረሰ፤ ደሟ ገና ጥቁር ነው። አንድ መቶ አሥር ደረሰ፤ አሁንም አልተመሳሰለም። አንድ መቶ አሥራ ስድስት ላይ ቆመ። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው።

ደስ አለኝ። በልጅነታችን ዳገት ላይ ጥላኝ የምትሮጠው ለካ እንዲህ ያለ ደም ይዛ ነው! መቶ ብዬ መጻፍ አቃተኝ። ትክክለኛውን ቁጥር ጻፍኩ። ሌላውን የምንሞላው በእንግሊዝኛ ቢሆንም፣ እሷ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራ ስለነበር ራሷ እንድታነበው ብዬ አስተያየት በሚለው መስመር ላይ በአማርኛ «ደም በዛ ያለ» ብዬ ጨመርኩበት። ማኅተም ተደረገበት። ቆማ ፊደል በፊደል አነበበችውና ሳቀች። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ ለተቀመጡት ሁሉ ስታነብላቸው እንደሄደች ኋላ ነገረችኝ።

በሳምንቱ ተመለሰች። ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ የላቦራቶሪው በር ላይ ቆመች፤ ሰላምታም የለ።

«ያ ኢንተላ፣ ማል ጎቴ? አንቺ ልጅ፣ ምን አደረግሽኝ?» አለችና ወረቀቱን ወረወረችልኝ። የእርሻው ድሬሰር፣ ማለት የጤና ረዳቱ፣ የእኔን ሦስት ቃላት በቀይ አስምሮባቸው ከሥር «ደም ብዛት አለባት፤ ለሥራ ብቁ አይደለችም» ብሎ ጽፎበታል።

ድሬሰሩ ጨው ተዪ ብሏታል። ይባስ ብሎ ጎረቤቶቿ የበዛው ደም ይውጣላት ብለው ለቅዳሜ ዋግምት የሚያደርግ ሰው ቀጥረውላታል። ምንም ያልሆነ ደሟን በቀንድ ሊመጥጡላት! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእኔው የብዕር ወለምታ ደግሞ ማኅተም አርፎበታል።

«እቴቴ፣ አልታመምሽም። ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኳት።

«ጥፋቱ የአንቺ ከሆነ አንቺው አቃኚው።»

ይዣት ወደ ኃላፊያችን ገባሁ። በሥራ ዘመናቸው ብዙ ያዩ፣ ጠብ የማይወዱ ሰው ነበሩ። ወረቀቱን አዩና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ከመቶ በላይ የሚያመጣ ተማሪ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ። «እንደ ልማዳችን መቶ ብለሽ ሌላ ወረቀት ጻፊላትና ገላግይን።»

«አልጽፍም፣ ጓድ ኃላፊ።»

እህቴ ክንዴን ያዘችኝ። «ጻፊው! ልጆቼ ቁጥር አይበሉም።»

እውነቷን ነበር። ግን መቶ ብዬ ብጽፍ የፊተኛውን ወረቀት ድሬሰሩ አይቶታል፤ እህቷ አጭበረበረችላት ይባላል፣ በሽታውም በስሟ ይቀራል። ይህ አንዱ ምክንያቴ ነው። ሌላው፣ ልደብቀው አልችልም፣ እልህ ነው። እነዚያን ልጆች ተሸክሞ ያንን ሁሉ ዳገት የወጣን ደም የባሕር ማዶ ብልቃጥ ትርፍ ነው ብሎ እንዲቆርጠው አልፈቀድኩም።

«ጣትዎን ይስጡኝ» አልኳቸው ኃላፊውን።

«ምን?»

«ጣትዎን።»

ተገርመው ሰጡኝ። ወጋኋቸው፤ ብልቃጡን ይዤ ውሃውን ፊታቸው ጠብ አደረግኩ። መቶን አለፈ። አንድ መቶ አሥራ ሁለት ላይ ቀለሙ ተመሳሰለ። ብልቃጡን ወስደው መስኮቱ ዘንድ በብርሃን አዩት፤ አገላብጠው ደግመው አዩት።

«እንግዲህ እርስዎም ደም ብዛት አለብዎት» አልኩ። «ጨው ይተዉ። ቅዳሜ ዋግምት የሚያደርግ ሰው አለ፤ ከእህቴ ጋር አብረው ይሂዱ።»

እህቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ኃላፊው እንደሚቆጡ ጠብቄ ነበር፤ ግን ጣታቸውን በጥጥ ይዘው ተቀመጡ። ከዚያ የግፊት መለኪያውን አውጥተው የእህቴን ክንድ ራሳቸው ለኩ። መቶ ሃያ በሰማንያ፤ እንከን የለውም። ደሟ የደጋ ሰው ደም መሆኑን፣ ግፊቷ ደግሞ ጤነኛ መሆኑን ገልጸው በእጃቸው ደብዳቤ ጻፉላት። ቅዳሜ ዋግምት የሚያደርገው ሰው መጥቶ በር ቢያንኳኳ፣ «ደሜን ፈልጌዋለሁ» ብላ መለሰችው።

ሰኞ አብሬያት ወደ ባኮ ቆላ ወረድኩ። ጌዶ ላይ በብርድ ተቃቅፈን ተቀምጠን እጃጂ ስንደርስ ሹራባችንን አወለቅን። ድሬሰሩ ወጣት ነው፤ ክፉም አልነበረም፤ ግን ደብዳቤውን አንብቦም የጻፈውን መሰረዝ ሞት መሰለው።

«እህቴ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለኝ።

«በሽታ የሌለበትስ ምን ይደብቅ? ጓድ፣ ክንዷን ለካ።»

ለካ። እንደገና ለካ። ጤነኛ ነች። ያም ሆኖ እጁ ለመፈረም እንቢ አለው፤ በመጨረሻ ሁለት ወር በሙከራ ትሥራና የደም ምርመራው ይደገም ብሎ ወሰነ። እየተንገሸገሽኩ ተቀበልኩ። እህቴ ግን በማግስቱ በቆሎው መሃል ተቀምጣ ዘር ትለቅም ነበር።

ሁለት ወሩ ሲሞላ ብልቃጤንና አሲዴን በሳጥን አድርጌ ተመልሼ ሄድኩ። ድሬሰሩ ቆሞ እያየ ጣቷን ወጋሁ። አንድ መቶ ሦስት። ቀንሼላት አይደለም፤ ቆላው አየር የጠገበ ስለሆነ ሰውነቷ ያን ያህል ደም ማዘጋጀት ትቷል።

ድሬሰሩ እጁን አጨበጨበ። «ይኸው ዳነች! ጨው መተዉ ሠራ!»

«አንድም ቀን አልተውኩም» አለች እህቴ።

«ለማንኛውም ድናለች ብለሽ ጻፊ፤ እኔ እፈርማለሁ» አለኝ።

ብዕሬን አነሳሁ። ድናለች ብዬ ብጽፍ ሥራው ያልቃል፤ ልጆቿም ከጀልዱ ይመጡላታል፤ ሁላችንም እንገላገላለን። እህቴን አየኋት። ፊቷ ላይ የበቆሎ ገለባ ተለጥፏል። ጻፊው እንዳትለኝ ፈራሁ። አላለችም፤ እጄን ታያለች።

ቁጥሩን ጻፍኩ። አስተያየት በሚለው መስመር ላይ ደግሞ ሌላ ሁለት ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ጨመርኩና ወረቀቱን ለእሱ ሳይሆን ለእሷ ሰጠኋት። ሌባ ጣቷን ፊደሎቹ ላይ እያሳለፈች፣ ድሬሰሩ እየሰማ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበች።

«አል... ታ... መ... መ... ችም። አልታመመችም። ቆ... ላ ወር... ዳ ነው።»

ቀና ብላ ድሬሰሩን አየችውና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት።

«ፈርም» አለችው።