እትዬ አስቴር ዘይት የምታጠልልበት ጋቢ

ባለፈው ሳምንት ሶዶ መናኸሪያ ቆመን ሳለ አንድ አሮጌ አይሱዙ ጥቁር ጭስ ለቀቀብን። የልጄን አፍንጫ በነጠላዬ ሸፈንኩ፤ የራሴን ግን ረሳሁት። የተቃጠለ ዘይትና ናፍታ ይሸታል። ሽታው ይዞኝ ወዳደግኩባት ሻንቶ፣ ወደ እትዬ አስቴር ወፍጮ ቤት ሄደ።

እትዬ አስቴር ጎረቤታችን ነበረች። ባሏ ሲሞት ወፍጮውን እሷ ያዘች። ያኔ ሰፈራችን መብራት አልገባም፤ ወፍጮው የሚሠራው በናፍታ ሞተር ነው፣ ናፍታ ደግሞ አንዳንዴ ይጠፋል። ስለዚህ ሶዶ ጋራዥ የሚሠራው አባቴ ከመኪኖች የወጣውን የተቃጠለ ዘይት ቅዳሜ ቅዳሜ በጀሪካን ያመጣላታል። እሷ ሳትነካው ታቆየዋለች። አተላው ሲዘቅጥ ከላይ ያለውን ቀድታ፣ በታጠፈ አሮጌ ጋቢ አጥልላ ከናፍታ ጋር ትቀላቅላለች። ሞተሩን የምታስነሳው ግን በንጹህ ናፍታ ነበር፤ ድብልቁን የምትሰጠው ከሞቀ በኋላ ነው። "እሱም እንደ ሰው ጠዋት ጠዋት ያኮርፋል" ትል ነበር።

ጋቢውን በርሜሉ አፍ ላይ ወጥረው የሚይዙት ሁለት ሰዎች ናቸው። በገመድ ቢታሰር አተላው ሲከብድ ይሾልካል፤ ከሾለከ ሞተሩ በገበያ ቀን ቀጥ ይላል። አንዱን ጫፍ እሷ ትይዛለች፣ ሌላውን አባቴ።

እናቴን ያንገበገባት ይሄ ነበር። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ ሶዶ ከርሞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። ምሳው ይቀዘቅዛል። እኔም ለእኛ ከረሜላ ሳያመጣ ለእሷ ጀሪካን ይሸከማል እያልኩ አብሬያት እቀና ነበር።

አንድ ቅዳሜ እናቴ "ዛሬ ካልለየለት ልጄን ይዤ ጉኑኖ፣ አባቴ ቤት እገባለሁ!" ብላ እጄን ጎትታኝ ወጣች። እህል ሊያስፈጩ የተሰለፉት ሴቶች ሲያዩዋት መንገድ ለቀቁላት። አባቴና እትዬ አስቴር ጋቢውን ወጥረው፣ እስከ ክርናቸው ጠቁረው ቆመዋል።

"የማርታ እናት፣" አለች እትዬ አስቴር ቀና ሳትል፣ "ባልሽን ልትወስጂ ከመጣሽ ውሰጂ። ጨርቁን ግን ሰው ይያዝልኝ፤ እጄ ዝሏል።"

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እናቴም አባቴን በክርኗ ገፋ አድርጋ "ሂድ፣ ምሳህን ብላ!" አለችውና ጫፉን ያዘች።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ጀሪካኑን አውርዶ ወደ ቤት ይመጣል፤ ወፍጮ ቤት የምትውለው እናቴ ሆነች። ሁለቱ በወላይትኛ እየተንሾካሾኩ ይሳሳቃሉ። እኔ ስጠጋ "ልብስሽ ይቆሽሻል፣ ሂጂ" ይሉኛል። የእናቴ ቅናት በረደ፤ የኔ ግን ገና ያኔ ነው የባሰው። እናቴ ቤት ውስጥ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

መብራት ሲገባ ሞተሩ ተሸጠ። እትዬ አስቴርም ካረፈች ቆየች። በለቅሶዋ ላይ እናቴ ከሟች ልጆች በላይ ስታነባ ከኋላ ቆሜ አየኋት። ያን ቀን እንኳ ቀናሁ።

አሁን እናቴ የምትኖረው እኔ ዘንድ ነው። አጠገቤ እንድትቀመጥ እለምናታለሁ፤ ትንሽ ትቆይና "እስቲ ጎረቤት ብቅ ልበል" ብላ ትነሳለች። እኔ እዚህ ሰፈር መኖር ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፣ የማንንም ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። እሷ ስትወጣ ግን ከየበሩ ይጠሯታል።