ሽማግሌ ያልላከችው ሴትዮ

ታላቅ ወንድሜ የእንሰት ጓሮዬን ወሰደብኝ። የኪራይ ውል ነው ብሎ አውራ ጣቴን ቀለም አስቀብቶ ያስፈረመኝ ወረቀት የሽያጭ ነበር። ያኔ ማንበብ አልችልማ። በአርባ ዓመቴ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጠርኩ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቡታጅራ አዳራሽ ውስጥ የውጭ ፊልም ይታያል ሲሉ፣ ከሥር የሚጻፈውን የአማርኛ ትርጉም ላነብ ሄድኩ። ፊልሙ ላይ ግን አንድም ሰው አይናገርም፣ የሚነበብም የለም። ይኸው፣ ለዚህ ተማርኩ። አንዲት ሴትዮ ቤቷን የቀሟትን ሰዎች በመጥረቢያ እያሳደደች ትፈጃለች።

ሰው መጀመሪያ «ኧረ ድምፁን ክፈቱት» ይል ነበር። ሁለተኛው ሰውዬ ሲወድቅ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ አባት «ምነው ልጄ፣ አስቀድመሽ ሽማግሌ ብትልኪበትስ?» አሏት። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከፊት የተቀመጠው ወንድሜም እየሳቀ ዞር አለ። ያልሳቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሲያየኝ ሳቁን ዋጠ፤ ፊልሙንም ሳይጨርስ ወጣ።

በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች ላከብኝ። «መስቀል በቂም አይበላም፤ ጓሮህን ይመልስ፣ አንተም ይቅር በለው» አሉ። ስንት ዓመት ስለምነው ያልሰማኝ ሰው፣ ቃል የሌለው ፊልም ሰማ። መጥረቢያዬን ለጎረቤት ካዋስኩ ዓመት እንዳለፈው ግን አልነገርኩትም። ይዞት የመጣውን ውል ድምፄን ከፍ አድርጌ አንብቤ፣ ፊቱ ቀደድኩት፤ መስከረም አሥራ ስድስት ቀን፣ በመስቀል ዋዜማ።