ማልያ የማጠብ ተራዬ

የልጄ ቡድን ማልያ የሚታጠበው በእናቶች ተራ ነው። ቡድኑ የሰበታ ሴት ልጆች ቡድን ነው፤ አሰልጣኛቸው ከትምህርት ቤት ሥራው ሲወጣ በነፃ የሚያሠለጥናቸው የስፖርት አስተማሪ ነው። እግዚአብሔር ይስጠው። ጨዋታ ሲያልቅ አንድ ማዳበሪያ አፉን ከፍቶ ይይዛል፤ ልጆቹ ተሰልፈው ከካናቴራቸው በላይ የደረቡትን ማልያ እያወለቁ ይከታሉ። ከዚያ ባለተራዋ እናት ተሸክማ ትሄዳለች።

ጥፋታቸውን የሚነግራቸውም እዚያው፣ ማዳበሪያው አፍ ላይ ነበር። እያንዳንዷ ማልያዋን ስትከት ጮክ ብሎ ይነግራታል። እናቶችም ተመልካቹም ቆመን እንሰማለን። ክፉ አልመሰለኝም ነበር።

ሱሉልታ ላይ የተሸነፉ ዕለት ተራው የእኔ ነበር። ከፋብሪካ ፈረቃ ወጥቼ፣ ታክሲ እየቀያየርኩ ነው የደረስኩት። ልጄ በረኛ ናት። ብርዱ እጅ ያደነዝዛል፤ ሜዳው ጭቃ ነው። አራት ገባባት። አራተኛው በእግሮቿ መሀል ሲያልፍ፣ መስመሩ ዳር የቆሙ ጎረምሶች “በሩን ዝጊው እንጂ፣ በረደን!” ብለው ሳቁ።

ማልያዋን ልትከት ስትደርስ አሰልጣኙ የማዳበሪያውን አፍ ጨበጠባት።

“ይኼማ ምን ይታጠባል? ንጹሕ ነው! አንድ ቀን እንኳ መች ወደቅሽበት? እናትሽን አታድክሚ።”

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ድካም ይሁን ይሉኝታ አላውቅም፤ ልጄ ግን አየችኝ።

ቤት ስንገባ ጓንቷን ከነጭቃው አልጋ ሥር ወረወረችው። “ከእንግዲህ አልጫወትም” አለች። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ከኳስ ሌላ ነገር ተመኝታ አታውቅም። ሁለት ልምምድ ቀረች። በሦስተኛው ልምምድ ቀን፣ ተከራዩ ሁሉ ውኃ ሊቀዳ በተሰለፈበት፣ ግቢው ቧንቧ ላይ ተቆጣኋት።

“አንድ ቀን ተሸነፍኩ ተብሎ ይተዋል እንዴ? አታፍሪም?”

ባልዲዋን አስቀመጠች። “እማዬ፣ አንቺም እንደሱ ነሽ። ሰው ካልሰማ አትቆጪም። ደግሞ ስቀሻል።”

ጎረቤቶቼ ወደ ቧንቧው ዞሩ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴ ዘንድ ቀረብኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ጥፋቴን ነግረውኛል። አቅልለውልኝ አያውቁም። ግን ሁሌም ከሰው ራቅ ብለን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ሥር፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ያን ቀንም እንደዚያው ገሠጹኝ። ወደ ቤት ስመለስ በመንገዱ ሁሉ ያንን አሰብኩ።

ማክሰኞ ያጠብኩትን ማልያ ይዤ ልምምድ ሜዳ ሄድኩ።

“ወንድሜ፣ ልጄ አጥፍታለች። ንገራት። ግን ለብቻዋ።”

“እትዬ፣ ጎሉ እኮ የገባው በሰው ፊት ነው።”

“እሱንማ ሰው ሁሉ አይቶታል። አንተ ለምን ትደግመዋለህ?”

ማልያዎቹን ተቀበለኝ። “እኔንም እንዲህ እየሰደቡ ነው ያሠለጠኑኝ” አለ።

“እኔንም እንዲሁ ነው ያሳደጉኝ” አልኩት።

ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ። “መሳቅ አልነበረብኝም። ይቅር በይኝ” አልኳት። ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ጎንበስ ብላ ጓንቷን ከአልጋው ሥር አወጣች። የሱሉልታ ጭቃ ደርቆበት ነበር።

ቡራዩ ላይም ተሸነፉ፣ ሁለት ለአንድ። አንደኛው የእሷ ስህተት እንደሆነ እኔም ገብቶኛል። አሰልጣኙ ማዳበሪያውን ያዘ። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው እየከተቱ አለፉ፤ እሱ ምንም አላለም። የእኔ ልጅ ስትደርስ ማዳበሪያውን ለባለተራዋ እናት ሰጣትና ልጄን ይዟት ወደ ጎሉ ሄደ። በግራው ቋሚ አጠገብ ቆሞ ጉልበቱን አጥፎ አሳያት፤ በጣቱ መሬቱን ጠቆመ። ራሷን ነቀነቀች። ኋላ እሷም እጇን እያወራጨች ተከራከረችው። ረጅም ጊዜ ቆዩ። ሲመለሱ ዓይኗ ቀልቷል።

“ምን ብሏት ነው?” አለችኝ ባለተራዋ።

“እንጃ” አልኳት።

ታክሲ ውስጥም አልጠየቅኳትም። ትከሻዬ ላይ ተኛች። እንደ ደረስን እኔም ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ላይ ተጋደምኩ። መጥታ ጓንቷን እግሬ ሥር አስቀመጠች።

“እማዬ፣ ቢታጠብ እስከ ማክሰኞ ይደርቃል?”

ማልያው የዚያን ቀን የሌላ ሰው ተራ ነበር። ተመስገን ብዬ ተነሣሁና ውኃ ልቀዳ ወጣሁ።