ሁለት ጊዜ የሚደርስ ቅዳሴ

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ፎገራ ላይ ካለው ዲያቆን ግማሹ ዜማ የተማረው ከእሳቸው ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። እግራቸው ከተያዘ ወዲህ ግን፣ ክረምት ውኃ ከሚተኛበት መንደራቸው ከእናቴ ጋር ወረታ እኔ ቤት አምጥቻቸዋለሁ፤ ቅዳሴ የሚሰሙት ጓዳ ተኝተው፣ ከሳሎኑ ቴሌቪዥን ነው። ድምፁ ይቅረባቸው ብዬ በብሉቱዝ የሚሠራ ድምፅ ማጉያ ገዝቼ ራስጌያቸው አስቀመጥሁ። ጎረቤት ሲገዛ አይቼ ነው፤ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።

የጓዳው ድምፅ ከሳሎኑ ትንሽ ይዘገያል። ለእኔ ቢጤ ጆሮ ምንም አይደለም። አባቴ ግን የሚሰሙት ካህኑ ሲያዜሙ የሕዝቡን ተሰጥዎ እየመለሱ ነው፤ መመለስ ሲጀምሩ ያው ቃል እንደገና ይመጣባቸዋል። ያቆማሉ፣ ይጀምራሉ፣ ይሳሳታሉ። አንድ ቀን እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ዕቃው ነው ወይስ እኔ ነኝ? አእምሮዬ ሄዶ እንደሆነ ንገረኝ።»

«ዕቃው ነው አባዬ፤ አስተካክለዋለሁ» አልኋቸው። እርግጠኛ ነበርሁ።

የሳሎኑን ድምፅ ላጥፋው ስል፣ ሩዝ የምትለቅመው እናቴ «እኔሳ ክርስቲያን አይደለሁም?» አለች። ጆሮዋ ስለደከመ ካልጮኸ አይሰማትም። የቴሌቪዥኑን ማስተካከያ ብነካካው ጭራሽ ባሰበት። በመጨረሻ የሸጠልኝን ነጋዴ ጠየቅሁት። «በብሉቱዝ ከሆነ መዘግየቱ አይቀርም፤ ገመድ ሳብለት» አለኝ። ሲሸጥልኝ ቢነግረኝ ምን ነበረበት!

ግድግዳውን በስቼ ገመድ ሳብሁ። በሁለቱ ክፍሎች መካከል በሩ ላይ ቆሜ አዳመጥሁ፤ ድምፁ አንድ ሆኗል። እንደ ትልቅ ባለሙያ ደረቴን ነፍቼ ጓዳ ገባሁ።

አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ካህኑ አዜሙ፤ ሕዝቡ መለሰ። አባቴ የጀመሩት ካህኑ ወደ ሌላው ካለፉ በኋላ ነው፤ እሱም መካከሉ ላይ ጠፋቸው። ልጅ ሳለሁ አንዲት ቃል ብስት በአለንጋ የሚያርሙኝ ሰው ናቸው።

«አሁንም ሁለት ሁለት ነው የሚሰማኝ» አሉ። «ዕቃው ነው፣ አይደል?»

«ዕቃው ነው አባዬ» አልሁ። መፍቻ አንሥቼ ራስጌያቸው ተንበረከክሁና ያልላላውን የድምፅ ማጉያውን ብሎን ሳጠብቅ ቆየሁ፤ ቀና ብዬ ፊታቸውን ለማየት አቅም አጣሁ።