አማቴ ለኢንሹራንሷ ሴትዮ የሰጡት መልስ

አማቴ አንገታቸው አልዞር ስላለ ከነትከሻቸው ወደ ስልኩ ዞረው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ» አሉ።

ስልኩ ስፒከር ላይ ነው። ንግግሩ ሪከርድ እየተደረገ ነው።

ባለፈው ሳምንት እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ በመኪና ቀይ መብራት ላይ እንደቆምን ከኋላ ተገጨን። የመኪና ኢንሹራንሳችን ካይሮፕራክተር፣ ማለትም አንገትና ጀርባ በእጅ የሚያክም ባለሙያ፣ ይሸፍናል። ግን መጀመሪያ አማቴን የሚያማቸውን ከራሳቸው አፍ መስማት አለብን ብላ ዛሬ አንዲት የኢንሹራንሱ ሴትዮ ኮል አደረገች። አስተርጓሚው እኔ ነኝ።

«እማማ፣ የሚያምዎትን ይንገሯት እንጂ!»

«ለማላውቃት ሰው ምን ብዬ አማርራለሁ? ይልቅ ልጆቿ ደህና ናቸው ወይ በላት።»

ጠየቅኳት። ትንሹ ልጇ ጉንፋን ይዞታል።

«እኔን! እግዜር ይማርልሽ በላት። ዝንጅብል በማር አፍልታ ትስጠው።»

ይህንንም ተረጎምኩ። ሴትዮዋ አመስግና ዘጋች።

ስልኩ እንደተዘጋ አማቴ «ወይኔ አንገቴን!» ብለው ሶፋው ላይ ተጋደሙ።

መልሼ ደውዬ፣ እኛ አገር «ደህና ነኝ» ሰላምታ እንጂ የሕክምና ማስረጃ እንዳልሆነ አስረዳሁ። «እሺ፣ እንደገና እንጠይቃቸው» አለች።

«ተመስገን፣ ደህና ነኝ! ልጇን ተሻለው?»

እስካሁን በሪከርዱ ላይ የታመመው የኢንሹራንሷ ሴትዮ ልጅ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ እስቲ እንዴት እንደተወጣችሁት ጻፉልኝ። «እኛ ደህና ነን» የሚል ኮመንት ግን አላምንም።