ዝምተኞቹን ጥሪልኝ

ከሴቻ ተነስታ ገረሴ ትምህርት ቤት የደረሰችው እንግዳ ስሟን ተናግራ ነበር፤ መምህርት በለጥሽ ግን ወዲያው ጠፋባት። የእንግዳዋ ጫማ ጭቃ ጠግቧል፤ የመነጽሯ አንድ እግር በክር ታስሯል። አማርኛዋ ግን ጉድ ነው! እያንዳንዱን ቃል መዝና የምታወጣ ይመስላል።

“ልዩ ተሰጥኦ ያላቸውን ልጆች ነው የምፈልገው” አለች። “ጎበዞቹን አየሁ፤ አሁን ዝምተኞቹን ጥሪልኝ፣ እህቴ።”

ዘሪቱ ስትቀርብ በለጥሽ፣ “ይቺን እንኳ ተያት፤ አይገባትም” ብላ አንሾካሾከች። ዘሪቱ አንድ ቀን “እናቴ ገበያ ሄደ” ብላ ክፍሉ በሳቅ ካውካካ ወዲህ አፏን ከፍታ አታውቅም።

እንግዳዋ ወረቀት ሦስት ጊዜ አጠፈችና በእስክሪብቶ ጫፍ ወጋችው።

“ሲዘረጋ ስንት ቀዳዳ ይኖረዋል?”

ዘሪቱ መሬት መሬቱን አየች።

ጥያቄውን በጋሞኛ ደገመችው። ዘሪቱ ቀና አለች።

“ስምንት!” አለች በዚያው በጋሞኛ። ወዲያው ወረቀቱን ነጠቀቻትና በሰያፍ አጥፋ፣ “አሁን ብንወጋውስ?” ስትል እንግዳዋን ጠየቀቻት።

እንግዳዋ መነጽሯን አውልቃ ከልቧ ሳቀች። “የሚመልስልኝማ ሞልቷል፤ እኔ የሚጠይቀኝን ነበር የምፈልገው!”

በለጥሽ ያንን ሹክሹክታዋን መልሳ መዋጥ አማራት።

እንግዳዋ ቦርሳዋን አንግታ በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። ደስታው ይሁን ሌላ፣ ያ የተመዘነ አማርኛዋ ከእጇ አመለጠ።

“ዘሪቱ፣ ነገ እናትሽ ይምጣ!”

ከክፍሉ የሚስቅ ጠፋ።

“‘ትምጣ’ ነው የሚባለው፣ ቲቸር!” አለች ዘሪቱ፣ ክፍሉን በሞላ ድምፅ።