የወንድሜን ቃል እንዴት እንደተረጎምኩት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም። ለኢማሙም አልነገርኩም። የምጽፈው አፌ እምቢ ስላለኝ ነው። የምታነቡት ሰዎች አታውቁኝም፤ ምናልባት ለዚያ ይሆናል ለእናንተ የቻልኩት።

ወንድሜ ሰዒድ የተናገረውን በውሸት ተረጎምኩ። ያደረግኩት ይህ ነው። ሲሉት ትንሽ ይመስላል።

ባለፈው ዓመት ነው። እዚህ አትላንታ የባርነት ማብቂያ በሚከበርበት ቀን፣ በጁንቲንዝ፣ የእኛ ሴቶች ፓርኩ ውስጥ ሳምቡሳ የሚሸጡበት ድንኳን ነበራቸው። የሚመሩት እትዬ ዘሃራ ናቸው። ሊልበርን በሚባለው ሰፈር ጎረቤታችን ናቸው። አባታችን ከሞተ በኋላ እናታችን ሁለት ሥራ ስትሠራ እኔንና ሰዒድን ያበሉን፣ የተቆጡን፣ ያሳደጉን እሳቸው ናቸው። እንደ ሌሎቹ ሴቶች እሳቸውም እንግሊዝኛ ብዙም አይሰሙም። ሐኪም ጋ ሲሄዱ፣ ባንክ ሲሄዱ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ አስተርጓሚያቸው እኔ ነኝ። እኔ ያልኳቸውን ያምናሉ።

በዓሉ ላይ የፈለገ ሰው ስቴጅ ላይ ይወጣና በባርነት የኖረ ዘመዱን ስም ይጠራል። ሕዝቡ ስሙን ተቀብሎ ይጮኻል። አንዲት አሮጊት ጠርተው ሲወርዱ፣ ከእኔ ጋር ድንኳኑ ውስጥ ሲያግዝ የነበረው ሰዒድ የሥራ ሽርጡን ፈታና ሄደ። ውሃ ሊያመጣ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ማይኩን ይዞ አየሁት።

በእንግሊዝኛ እንዲህ አለ። «የአያቴ እናት ሃሊማ ትባላለች። ወሎ ውስጥ በበቅሎ ተለውጣ የተሸጠች ባሪያ ነበረች። አባቴ ይህን ደብቆን ሞተ። እኔ አልደብቅም።»

እኔ አላውቅም ነበር። እንደ ማንኛውም ሰው እዚያው ቆሜ ነው የሰማሁት። ባሪያ የሚለው ቃል እኛ ቤት ስለ ሌላ ሰው የሚነገር ነበር። ስንቀልድ እንለው ነበር። ስንናደድም እንለው ነበር። እንዴት እኛ ሆንን?

«የኛ ሰዒድ አይደለም እንዴ!» አሉ እትዬ ዘሃራ። «ምን እያለ ነው? ንገረን እንጂ፣ ምን ያፈዝሃል?»

ማሰቢያ ጊዜ ነበረኝ? ነበረኝ። ትንሽ ነበረኝ።

«የአያታችን እናት ትልቅ እመቤት ነበሩ እያለ ነው» አልኩ። «ባሪያዎቻቸውን በሙሉ ነጻ ያወጡ ሴት ናቸው እያለ ነው።»

«ድሮም የጨዋ ዘር መሆኑ ያስታውቃል!» አሉና እልል አሉ። ድንኳኑ በሙሉ እልል አለ።

ሰዒድ እልልታውን ከላይ ሆኖ ሰማ። ወደ እኛ ዞረ። እንደዚያ ያለ ፊት በሰው ላይ አይቼ አላውቅም። ሲመለስ እትዬ ዘሃራ አገላብጠው ሳሙት፣ እሱ እጃቸውን ስሞ አለቀሰ። ተናግሮም የተወደደ መስሎት ነበር። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ሳምቡሳ በወረቀት እጠቀልል ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰዒድ ሌላ ሰው ሆነ። ቤት ውስጥ ያፏጫል። ለእናታችን እንኳ ሊነግራት ነበር፤ ቆይ አልኩት።

ዓርብ ዓርብ ከሶላት በኋላ እትዬ ዘሃራ ቤት ምሳ እንበላለን። አንድ ዓርብ ሴቶቹ የዘመዳቸውን ልጅ ላግባ ስላለ አንድ ሹፌር ያወራሉ።

«ሥራ አለው፣ ቤት ገዝቷል፣ ይሰግዳል። ሌላ ምን ይሁን?» አለች አንዷ።

«ዘሩስ?» አሉ እትዬ ዘሃራ። «ባሪያ መሆኑን አገር ያውቃል። ለእሱ ከምንሰጣት እዚሁ ታርጅ።»

ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ሰዒድን ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «እስቲ አንተ ፍረድ፣ የጨዋ ልጅ!»

እሳቸው ማሞገሳቸው ነው። እሱ ግን ሁሉን እንደሚያውቁ አምኖ ነው የተቀመጠው። ያነሳውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠ። አየሁት።

መኪና ውስጥ ገብተን ሞተሩን ሳያስነሳ ጠየቀኝ።

«ያን ቀን እንዳልኩት ነው የተረጎምክላቸው?»

«አዎ።»

«ባሪያ ነበረች ብለሃቸዋል?»

«ብያቸዋለሁ። አንድም ቃል አልቀነስኩም።»

«እያወቁ ነዋ የቀለዱብኝ» አለ። «ፊቴ ላይ።»

እኔ ነኝ የዋሸሁት ማለት ምን ያህል ይከብዳል? ይጮህብኝ ነበር። ምናልባት ይመታኝ ነበር። ከዚያ ይስቅ ነበር፣ አውቀዋለሁ። አላልኩትም። እንዳይቆጣኝ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

ሰዒድ እትዬ ዘሃራ ቤት መሄድ አቆመ። ምሳውን ለመሸሽ ደንዉዲ በሚባለው ሰፈር ያለው ሥራው ላይ የዓርብ ሽፍት ጠየቀ። ድሮ ዓርብ አይሠራም ነበር። በዚያ ሽፍት ሲሄድ ሃይዌይ ላይ የጭነት መኪና ገጨው። ወንድሜ ዓርብ ቀን ሞተ።

ፖሊሱ ቤት መጥቶ የተናገረውን ለእናቴ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። አንድም ቃል አልቀየርኩም። መቀየር ፈልጌ ነበር። መተርጎም ያኔ ቻልኩበት።

ለቅሶ ላይ እትዬ ዘሃራ ከሴቶቹ መሀል ተነስተው ወደ ኮሪደሩ ጠሩኝ። ድምፃቸው ተዘግቷል።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ልጄ። ሰዒዴ በመጨረሻ ቤቴን ለምን ጠላው? ምን በድዬው ነው?»

አጠገባችን ማንም አልነበረም። እንደዚያ ያለ ዕድል ለስንት ሰው ይሰጣል?

«ኧረ ምንም አልበደሉትም» አልኳቸው። «ሥራ በዝቶበት ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። እጄን ይዘው አለቀሱ። ቀለላቸው።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ደንግጬ ነው አልልም፤ ድንኳኑ ውስጥ ደንግጬ ነበር፣ መኪናው ውስጥ ግን አልደነገጥኩም። ኮሪደሩ ላይም አልደነገጥኩም። ቃሉን እኔ አልፈጠርኩትም ብዬም አላመልጥም። ወንድሜ ያሳደጉት ሴት አውቀው ያላገጡበት መስሎት ሞተ። እሳቸው ደግሞ ማን እንደነበረ ሳያውቁ ቀበሩት። እውነቱን ቢሰሙ ይጸየፉት ነበር? ወይስ ያን ቀን እንደሳሙት ይስሙት ነበር? እሱ ሊያውቅ የፈለገው ይህን ብቻ ነበር። ለዚህ ነው ስቴጅ ላይ የወጣው። መልሱን እንዳያገኝ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ አልጠይቃችሁም።